በሩ የገጠመ ለት

ሁለት ካሴት ይዛ ኔቫ መጣችና፣
"አንድ ሌሊት ናቸው" አለች ሳትቀመጥ ገና፤
"አንዱ ያባቴ ነው፣ ሌላው የአጎቴ፤
አጋጥመህ ስጠኝ፣ ሳይሰናበት አባቴ።"

ቦታው ትሪየስቴ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ምድር ቤት ስቱዲዮ፣ ብርሃን ጎንበስ ብሎ 'ሚገባ።

ሲልቫን ቫዮሊን፣ ዝዴንኮ አኮርዲዮን፤
ወንድም የወንድሙን መቅጃ እንኳ ሳያምን፣
ባንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቴፕ ከፍተው
ተጫወቱ፣ በየጥጋቸው ቀድተው።
ያን ሌሊት ነው አሉ ነገር የከረረ፤
ዝዴንኮ ተነስቶ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ።
ቴፑን እንኳ አላጠፋም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሲልቫን ሲናገር
"ፊቴ ላይ ወረወረው" ይላል፣ "ያንን በር።"
ካሴቶቹ ግን ከቁምሳጥን ሥር፣ ከክረምት ጫማ ጋር፣
ማንም ሳይሰማቸው ኖሩ ተቃቅፈው በፍቅር።

ሁለቱን ሞገዶች ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁ፤
ላዩን አረንጓዴ፣ ታቹን ብጫ ቀባሁ።
ጭብጨባ ፈለግሁ፣ ወይ "አንድ፣ ሁለት" ማለት፤
የለም። ማንም ለማንም አልቆጠረም ያን ለት።
ቴፕም እንደ ሰው ነው፤ አንዱ ይቸኩላል፣
አንዱ ባትሪው ደክሞ ኋላ ይጎተታል፤
እዚህ ጋ ሲገጥምልኝ እዚያ ይንሸራተታል።

ፍርግርጉ አለ፣ ማግኔት እንዳለው ሁሉ
ክሊፕ ጎትቶ የሚያስቀምጥ ከውሉ።
አጠፋሁት። ምን ያውቃል እሱ ስለ ወንድም?
እሱ 'ሚያውቀው ልክ ነው፤ ልክ ሁሌ አይገጥምም።

በፀጉር ስንጥቅ ያህል፣ በሺህኛ ሰከንድ፣
አንድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ደግሞ አንድ፤
ስልሳ ጊዜ አዳምጬ፣ ስልሳ ጊዜ ቀልብሼ፣
የቀዘቀዘ ሾርባዬን በልቼ ተመልሼ፣
አገኘሁ በመጨረሻ የተስማሙበትን፤
አንድ ነገር፦ በሩ የገጠመበትን።
እንደ ሹል ጋራ ቆሟል፣ ላይም ታችም፤
ከመለያያቸው ሌላ አገጣጣሚ አላገኘሁም።

ባገሬ ቋንቋ በርም፣ ባላንጣም፣ ስንኝም ይገጥማል፤
ሦስቱም ባንድ ቃል። ያን ሌሊት ሦስቱም ሆኗል።

በሩን በበሩ ላይ ጫንኩት፤ ገጠመ።
ሙዚቃው ግን ተጋጨ፣ ተሰበረ፣ ታመመ።
በአስራ ሁለት ሚሊ ሰከንድ፣ ሽፋሽፍት ሳይከደን፣
አኮርዲዮኑ ጥሎት ይሮጣል ቫዮሊኑን።
ድምፅም እግረኛ ነው፤ አራት ሜትር ሲራመድ
ቅንጣት ጊዜ ይበላል፣ ይቆያል በመንገድ።
ለበሩ የቀረበው ሲልቫን ነበር ማለት፤
ዝዴንኮ መስኮቱ ሥር፣ ባራት ሜትር ርቀት።
ሙዚቃው ይግጠም እንጂ በሩ ይዛነፍ ብዬ
አስራ ሁለቱን መለስኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጆሮዬ።

ያኔ ሰማሁ።
ከታች፣ ቫዮሊኑ ዝም ሲል፣ በሲልቫን ትራክ ላይ፣
ደረጃ የሚወርድ ኮቴ፣ ቁጣ የሌለው፣ ቀስ ባይ።
ከላይ፣ በዝዴንኮ ትራክ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ቦራ፣ ያገሩ ነፋስ፣ ሲያፏጭ፣ ሲንደረደር።
ኮቴው ሰባት ሰከንድ ቀድሞ ነበር የሄደ፤
ነፋሱ ገባና በሩን ይዞ ነጎደ።
ለየብቻ ሲሰሙ ምንም አይናገሩም፤
ኮቴ ኮቴ ነው፣ ነፋስም ነፋስ፤ ምስክር አይሆኑም።

ደወልኩላት። ምን ልበል? የኔ ሥራ ክሊፕ ነው፤
ሽማግሌ ያረገኝ፣ ዳኛ ያረገኝ ማነው?
"ሁሉም ገጥሟል" አልኳት፤ "አንድ ጥያቄ ቀረ፤
ከበሩ በፊት ነፋስ አለ፣ እዚያው የነበረ፤
ላጥፋው ወይስ ይቆይ?"

                    ዝም አለች። በስልኩ
የሰው ሳል ይሰማል፣ ከሩቅ፣ ያዛውንት።
"የምን ነፋስ?" አለች።